ያለ ባጅ የገቡት እናት

ጥቅምት 4

ለማከብርህ ወንድሜ፣

ባለህበት ሰላምና ጤና አይለይህ። እኔ ከነጉልበቴ ሕመም ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ፖስታውን ስታይ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ማለትህ አይቀርም፤ አልፈርድብህም። የእናትህ አጎት የልጅ ልጅ ነኝ። በአባትህ ለቅሶ ጊዜ ውሃ ሳድል ጫማህ ላይ የደፋሁብህ ያቺ ቀጭን ሴት ትዝ ካለችህ እሷው ነኝ። አሁን እንኳ ቀጭን አይደለሁም።

በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን ስልክ ላይ ወይ እስቃለሁ ወይ አለቅሳለሁ እንጂ ቁም ነገር አላወራም። ስለዚህ እነሆ ጻፍኩልህ።

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲው ዋና በር ላይ ነው፤ እንግዳ መዝጋቢ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ መታወቂያውን እቀበልና ስሙን ጽፌ፣ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባጅ እሰጠዋለሁ። መታወቂያው ከኋላዬ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ በየቁጥሩ ይሰካል። ሲወጣ ባጁን መልሶ መታወቂያውን ይወስዳል። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ግቢው ውስጥ እንግዳ የለም ማለት ነውና በሩ ሁሉ ይቆለፋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት።

እናትህ ካለፈው ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ለጉብኝት እንዳይመስልህ፣ ለሥራ ነው። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት እንደሆናቸው ረስተውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተገነጣጠለ መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረው፣ ይኸው እግራቸው አሁንም ወደዚያው ይመራቸዋል። የድሮ ተማሪዎች ያወጡላቸው «እማማ ጥራዝ» የሚለው ስምም አልለቀቃቸውም።

ታዲያ ዘንድሮ አዲስ ደንብ ወጥቷል። አምና አንድ ሕፃን ከእናቷ ተለይታ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕፃናትና ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉ እንግዶች ባጅ ሳይዙ፣ አብሯቸው የሚሆን ሰው ሳይኖር አይገቡም። አለቃችንን «አቶ አንቀጽ» ነው የምንላቸው፤ ካለ ቁጥር አያወሩም፣ ጠዋት ሰላም ሲሉህ እንኳ ንዑስ አንቀጽ የሚጠቅሱ ይመስልሃል።

እኔም ደንብ ነው ብዬ መታወቂያ ጠየቅኳቸው። «መታወቂያ? እኔን? አንቺ ንፍጥሽን ሳትጠርጊ እኔ እዚህ በር ገብቼ ወጥቻለሁ!» አሉኝ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይሉኝታ ይዞኝ ያን ቀን አሳለፍኳቸው። ነገስ ምን ላድርግ? አንተ ልጃቸው ነህ፣ አንድ ነገር በለኝ።

እንግዳ መዝጋቢዋ እህትህ


ኅዳር 2

ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ውሃ የደፋሽብኝን እንዴት እረሳለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ የሳቅኩባት አንዷ ሰዓት እኮ እሷ ናት።

ደብዳቤሽን አውቶቡሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እዚህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው። ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ ከሞተሩ ሙቀት ትንሽ ስለሚተርፈኝ ከቤቴ ይሻለኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤ አለቀስኩ። አላፍርም፣ የሚያየኝ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋን፣ ተከራያችንን፣ ጠየቅኳት። «ግቢ የሄዱ ቀን ተረጋግተው ይበላሉ፣ መርፌያቸውን ሳይጨቃጨቁ ይወጋሉ፤ ያስቀረናቸው ቀን ግን በር ሲደበድቡ ይውላሉ» አለችኝ። እትዬ፣ እናቴ ያላት ያ ግቢ ብቻ ነው። እኔ አንድ ልጇ ባሕር ማዶ ነኝ፣ ፎቶዬን እያየች «ይሄ ጎረምሳ ማነው?» ትላለች አሉ።

ስለዚህ አደራ፣ እንደ ልጇ ሆነሽ ስሚኝ። አትጠይቂያት። መታወቂያም ባጅም ይቅርባት፣ በሠራችበት በር አንገቷ ላይ እንደ ሌባ ቁጥር አይንጠልጠልባት። ትግባ፣ ትቀመጥ፣ ስትጠግብ ትውጣ። ደንቡ ለማያውቁት ሰው ነው፤ እሷን የማያውቅ ማን አለ? ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ሾፌሩ


ኅዳር 24

ወንድም ዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ሲመጡ ከመስኮቴ እጄን አነሳለሁ፣ እሳቸውም እንደ ሹም ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተማሪ ደብተር እየተቀበሉ «ይሄ ስፌቱ ሊለቅ ነው፣ በደንብ ያዘው» ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ቤት ይመለሳሉ። አንዳንድ ቀን በእኔ በር፣ አንዳንድ ቀን ወደ ሰፈራችሁ በሚያወጣው በታችኛው በር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለሕፃናት ትምህርት አለ። እነሱን ሳስገባ ብታየኝ ትስቃለህ። አርባ ሁለት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ባጅ፣ እጃቸው ላይ የአምጪያቸው ስም። ሲገቡም ሲወጡም እቆጥራለሁ። አንድ ቀን አርባ አንድ ሆነው በሩን አዘግቼ ግቢውን አተራመስኩት። ለካ አንዱ ጉደኛ እኔው ጠረጴዛ ሥር ተደብቋል! አቶ አንቀጽ ሳይቀሩ «እሷ ባለችበት ሕፃን አይጠፋም» አሉ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

ማታ ማታ «እንግዳ ሁሉ ተመዝግቧል» በሚለው ላይ እፈርማለሁ። እጄ ትንሽ ቅር ይለዋል። ቢሆንም እናትህ እንግዳ አይደሉም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

ለእትዬ፣

ለዋልሽልኝ ውለታ ቃል የለኝም፣ ፈጣሪ ይክፈልሽ። የአግዳሚው ነገር ልቤን አሳረፈው። ከቻልሽ እዚያ ተቀምጣ ሳታውቅ ፎቶ አንሽልኝ፤ ካወቀች ፊቷን ታኮሳትራለች።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ደንቡ «አብሮ የሚሆን ሰው» ይላል ብለሽኝ ነበር። አብሯት የሚሆን ሰው አለ? የስኳር መርፌዋ ሰዓት ካለፈ ትደክማለች፣ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ያለችበትንም አታውቅም። ለመጠየቅ ያህል ነው፣ እንዳታዝኚብኝ።

ወንድምሽ


ጥር 16

ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ ወይ? ጉልበቴ ስላመመኝ መልሱ ዘገየብህ።

ፎቶው ይኸው። እጃቸው ላይ ያለው ደብተር የአንድ የሕግ ተማሪ ነው፣ ስፌቱን ሲወቅሱበት ነው ያነሳኋቸው። ሰው አላቸው፣ አትጨነቅ። ግቢው ሙሉ የእሳቸው ሰው ነው።

እህትህ


መጋቢት 3

እትዬ፣

እናቴ ከሞተች ሃያ ሦስት ቀን ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ ደውላ ነገረችኝ። «ጠፍተው ግቢ ውስጥ ተገኙ፣ ሐኪም ቤት አረፉ» አለችና ለቅሶው ቃሏን ዋጠው። እንዳልመጣ የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እናቴን ጎረቤት ቀበራት። እኔ በማግስቱ የሰው ልጆች ሳመላልስ ዋልኩ።

ከአንቺ ግን አንድ ቃል አጣሁ። ሌላው ቢቀር እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት አነሰሽ? ግቢ ውስጥ የት ተገኘች? ማን አገኛት? ስትጠፋ አንቺ የት ነበርሽ? ፎቶውን ኪሴ ይዤ እዞራለሁ። እባክሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9

ለወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ብዕር እያነሳሁ ያስቀመጥኩትን ቀን እኔና ግድግዳዬ ነን የምናውቀው። ከሥራ ታግጃለሁ፣ ጊዜ ሞልቶኛል፤ አቅም ነው ያጣሁት። አሁን ሁሉንም እጽፍልሃለሁ።

ቅዳሜ ነበር። እናትህ አራት ሰዓት ላይ መጡ፣ እንደ ወትሮው አሳለፍኳቸው። የዚያን ቀን ከመጠረዣ ክፍሉ አሮጌ ወረቀት የሚያወጡ ሠራተኞች ነበሩ። እናትህ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ክፍሉ መጋዘን ሆኗል፣ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ያን ቀን ግን በድንጋይ ተደግፎ ተከፍቶ ነበር። እናትህ አዩት መሰለኝ፣ ወረዱ። ከመደርደሪያዎቹ ኋላ የጥንቷ ወንበራቸው ነበረች። ሠራተኞቹ ጋሪያቸውን ሞልተው ሲወጡ ማንም መኖሩን አላዩም፣ በሩን ስበው ሄዱ። ያ በር ከተሳበ ራሱ ይቆለፋል። የውስጥ እጀታው ከተሰበረ ዘመን ሆኖታል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ እየሮጠች መጣች፣ ክር አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ። «እማማ አልተመለሱም፣ መርፌያቸው አልፏል፣ እዚህ ናቸው?» አለች። አቶ አንቀጽ አጠገቤ ቆመው የዕለቱን መዝገብ ይፈርሙ ነበር። ዞሬ ሳጥኑን አየሁ። ባዶ ነው። «ወጥተዋል» አልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳጥኑ ዋሽቶኝ አያውቅም። እናትህን ሳጥኑ ውስጥ እንዳላስገባኋቸው በዚያች ቅጽበት ረሳሁት። ምላሴን በቆረጠው! «ወጥተዋል» ስላልኩ ግቢውን የፈተሸ የለም። ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ፣ ወደ አውቶቡስ ተራው፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደ። እሑድ ከሰዓት እኔም ወንዝ ዳር አብሬ ፈለግኩ።

ሰኞ ጠዋት ፅዳት ሠራተኛዋ ምድር ቤቱን ስትከፍት አገኘቻቸው። ትንፋሻቸው ነበረ። መናገር ግን አልቻሉም። ሐኪሙ «ትናንት ቢመጡ ኖሮ» ብሎ ተወው። ማክሰኞ አረፉ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀምጧል። «ያለ ባጅ እንድታሳልፊ ያዘዘሽ አለ?» አሉኝ። የለም አልኩ። ያንተን ደብዳቤ አላሳየኋቸውም፣ አላሳያቸውምም። ይቅርታህን ለመጠየቅ አፍ የለኝም፤ ቢሆንም እጠይቅሃለሁ።

እህትህ


ግንቦት 12

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። በሦስተኛው ቀን ስገባ የሆነውን ልንገርሽ።

እዚህ ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ ሞተሩን ሳጠፋ አውቶቡሱ መጮህ ይጀምራል። ዝም የሚለው እስከ መጨረሻው ወንበር ሄጄ፣ ሥር ሥሩን አይቼ፣ ኋላ ያለውን ቁልፍ ስጫን ነው። እንቅልፍ የወሰደው ልጅ እንዳይቀር ነው። ሰባት ዓመት እንዲህ ሳደርግ አንድም ቀን አልሰለቸኝም፣ የሰው ልጆች ናቸዋ። ያን ቀን ኋላ ደርሼ ቁልፉን ተጫንኩና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የባዕድ ልጅ እንዳይረሳ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እዞራለሁ፣ እናቴን ግን «አትጠይቂያት፣ አትመዝግቢያት» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ማን ነው ታዲያ የበደላት?

አንቺ ረሳሽ። ሰው ይረሳል፣ እናቴም እኔን ረስታኛለች። እኔ ግን አስቤበት፣ ቃል መርጬ፣ ቴምብር ለጥፌ ነው ያዘዝኩሽ። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው ጽፌያለሁ። ያለ ባጅ እንድትገባ አደራ ያልኳት እኔ ነኝ፣ መዝጋቢዋ የረሳችው በእኔ ምክንያት ነው፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ ብያለሁ። አንቺንም ይቅር ብዬሻለሁ፣ ከልቤ። አንቺም ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 6

ወንድም ዓለሜ፣

ደብዳቤህን ኮሚቴው ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። አቶ አንቀጽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራሽ ተመለሽ አሉኝ። ባልደረቦቼ አቀፉኝ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ አልሄድኩም። አልሄድምም። ምክንያቱን ለአንተ ካልነገርኩ የምሞት መሰለኝ።

አልረሳሁም።

ልብስ ሰፊዋ «እዚህ ናቸው?» ስትለኝ ሳጥኑን ገና ሳላየው ነው ያስታወስኩት። ባጅ እንዳልያዙ፣ በእኔ በር ሲወጡ እንዳላየኋቸው፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። «ያለ ባጅ ነው ያስገባኋቸው፣ ግቢው ይፈተሽ» ማለት ነበረብኝ። ግን አለቃዬ ብዕራቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። ሦስት ወር ሙሉ «እንግዳ ሁሉ ተመዝግቧል» እያልኩ የፈረምኩት ፊታቸው ተዘርግቷል። ፈራሁ። ዞሬ ሳጥኑን ያየሁት ለእሳቸው ነው፣ አየች ለመባል። በሆዴ ግን በታችኛው በር ወጥተው ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤታቸው ይደርሳሉ አልኩ። «ወጥተዋል» ብዬ የተናገርኩት በዚያች «ይሆናል» ነው።

ሌላም አለ። እሑድ ጠዋት ብቻዬን ግቢ ሄጄ ነበር። ዕቃ ረስቼ ነው ብዬ ገባሁ። ቤተ መጻሕፍቱን ዞርኩ፣ በየመስኮቱ አጮለቅኩ። ከምድር ቤቱ መውረጃ አጠገብ ቆሜ «እማማ» ብዬ ተጣራሁ። ግን በቀስታ ነው የተጣራሁት። ጮክ ካልኩ ዘበኛው ይሰማና «ለምን እዚህ ትፈልጊያለሽ? ወጥተዋል አላልሽም?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሦስት ጊዜ በቀስታ ተጣራሁና መልስ የለም ብዬ ሄድኩ። በዚያች ሰዓት በሕይወት ነበሩ። ሐኪሙ ያላት «ትናንት» እሷ ናት።

ይህንኑ ነገ ጽፌ ለኮሚቴው አስገባለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ። አንተ ግን የኔን ኃጢአት ተሸክመህ፣ አውቶቡስ ወለል ላይ ተቀምጠህ ስታለቅስ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። አንተ ያዘዝከኝ እንዳልጠይቃቸው ብቻ ነው። ዋሺ አላልከኝም። ያን ይቅርታህን መልሼልሃለሁ፣ የተሰጠው ለረሳች ሴት ነበርና።

ፈጣሪ ይጠብቅህ። መልስ አልጠብቅም።


ኅዳር 19

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ወር ሊሆነው ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፣ እንዲሁ ልግባበት።

ከሥራ እንዳስወጡሽ፣ ጉዳይሽም ፍርድ ቤት እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች። ደስ አላለኝም። አላዘንኩምም። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለ። ወደፊት ይችል ይሆን አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ እስካሁን የተዋሸው ይበቃናል። አንዳንድ ቀን ስሜን እየጠራች ያን በር የምትደበድብ ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ ስሜን ረስታው እንደነበር ትዝ ይለኛል፣ እሱ ይብስብኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቅዳሜ ማለዳ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታ ነበር፣ እናቴ ስትወጣ አላየቻትም። ሰኞ ሲያገኟት መናገር አልቻለችም። ሠራተኞቹ አላዩዋትም። እናቴን መጨረሻ ያነጋገርሻት ሰው አንቺ ነሽ። ይህን የምጠይቀው ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለኝም።

አራት ሰዓት ላይ በመስኮትሽ ስታልፍ ምን አለችሽ? ቆመች ወይስ ዝም ብላ አለፈች? ምን ለብሳ ነበር? ፊቷ እንዴት ነበር? ተቆጥታሽ ከሆነም ተቆጣችኝ በይኝ፣ እንዳታሳምሪው። ጻፊልኝ።